ፖምፓ ከመውረዱ በፊት

ጋራዥ ውስጥ «ፖምፓው ይውረድ» ሲባል የመኪናው ባለቤት ፊት ይለወጣል። ቢለወጥም አይፈረድበትም። ፖምፓ፣ ናፍጣውን ለክቶ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ብረት፣ ተፈትቶ ወረደ ማለት መኪናው ቆመ ማለት ነው። ጭነቱ ለሌላ ይሄዳል። ሹፌርና ረዳት ሥራ ይፈታሉ። የባንክ ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ የክፍያው ቀን አይጠብቀውም። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ስንት ብር? መቼ ያልቃል?

እኔ ከሁለቱም በፊት አንድ ጥያቄ ቢቀድም ደስ ይለኛል። መውረድ እንዳለበት በምን ታወቀ?

ታላቅ ወንድሜ አሮጌ አይሱዙ ኤንፒአር አለው። አዲስ አበባና ደሴ ነው የሚመላለሰው። ሞተሩ ፎር ቢዲ ዋን የሚባለው፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 3.9 ሊትር ነው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለበትም። ሁሉም ነገር በጥርስ፣ በስፕሪንግና በዘይት ይሠራል። የሚያውቀው ሰው እጅ ከገባ ገና ብዙ ዘመን ያገለግላል፤ እኔ የምወደውም ለዚህ ነው።

ይህ መኪና ደብረ ብርሃን ሲያድር ጠዋት አልነሳ ማለት ጀመረ። ሲነሳም ነጭ ጭስ ይተፋል። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ሲወጣ ዱሮ በሦስተኛ የሚገፋውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣው ገባ። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ ፍርዱ አንድ ነበር። «ፖምፓ ነው፤ አውርደው።»

ቃሊቲ አካባቢ ያለ አንድ ጋራዥ ወሰድነው። ዋናውን መካኒክ ሁሉም ሰው «ጋሼ» ነው የሚላቸው። እኔም እንደዚያው ልጥራቸው። ጋሼ ኮፈኑ እንደተከፈተ መፍቻ አላነሱም። መጀመሪያ የነዳጅ ፊልትሮውን አስፈቱ። ቀጥለው ከሰልባትዮው (ከናፍጣ ማጠራቀሚያው) እስከ ፖምፓው የሚመጣውን ቱቦ በጣታቸው እየዳበሱ ሄዱ። ናፍጣ የማያንጠባጥብ ቀዳዳ አየር ሊያስገባ ይችላል። ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ስለሆነ ናፍጣው ወደ ውጭ ከመውጣት ይልቅ አየሩ ወደ ውስጥ ይሳባል። ጠዋት አልነሳ የሚል መኪና ብዙ ጊዜ ችግሩ ይሄ ነው፤ ሌሊቱን አየር ገብቶ ናፍጣው ወደ ሰልባትዮው ተመልሶ ያድራል። አንዲት የተሰነጠቀች ጎማ ቱቦና አንዲት ማሸጊያ ሮንዴላ የሚያመጡትን ጣጣ በፖምፓ ያሳበበ ባለቤት ስንቱ እንደሆነ ጋሼ ይንገሩህ።

ቱቦው ደህና ነበር። ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩት ኢንጀክተሮች ወጥተው መሞከሪያው ላይ ተጨመቁ። የዚህ ሞተር ኢንጀክተር ከ180 ባር በላይ ግፊት ሲደርስ ነው መከፈት ያለበት። ሲከፈት ናፍጣውን እንደ ጉም አድርጎ መርጨት አለበት። አንዱ እንደ ጉም ሳይሆን እንደ ክር ይረጭ ነበርና የመርጫ አፉ (ኖዝሉ) ተቀየረ። ወንድሜ እዚህ ላይ ተስፋ አደረገ። «ጋሼ፣ ይኸው ተገኘ አይደል?» አላቸው። እሳቸው ግን የሞተሩን ዘይት መለኪያ አውጥተው አሸተቱት።

ዘይቱ ጨምሮ ነበር።

ዘይት ሲቀንስ ሁሉም ሰው ይደነግጣል። ሲጨምር ግን ዝም የሚል ሹፌር አይቻለሁ። ዘይት በራሱ አይጨምርም። የጨመረው ናፍጣ ነው። ይህ ዓይነቱ ፖምፓ አራት ትንንሽ ፒስተኖች በረድፍ ተሰልፈውበታል፤ ባለሙያዎቹ ፕለንጀር ይሏቸዋል። ከላይ ናፍጣ ይጫናሉ፣ ከታች እነሱን የሚገፋው ዘንግ፣ ካሙ፣ በሞተሩ ዘይት እየለሰለሰ ይዞራል። ፕለንጀሩ ሲበላ ናፍጣው በጎኑ እየሾለከ ወደ ታች ይወርድና ከሞተሩ ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ ጉዳቱ ፖምፓው ላይ አይቆምም። የቀጠነ ዘይት ኮሎውን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) እና ዘንጉ የሚዞርባቸውን ኩሽኔታዎች ይበላል። በፖምፓ የተጀመረ ነገር በሞተር ያልቃል።

ይህም ሆኖ ጋሼ ገና አልፈረዱም። ፖምፓው ጎን ላይ ናፍጣ ከሰልባትዮ የምትስብ ትንሽ ፖምፓ አለች። እሷም ካፈሰሰች ናፍጣው እዚያው ዘይቱ ውስጥ ይገባል። እሷን ለመቀየር ደግሞ ትልቁ አይወርድም። ስለዚህ እሷ ተቀየረች፣ ዘይቱ ተደፋ፣ አዲስ ዘይት ገባ፣ መኪናው ሠራ። ዘይቱ እንደገና ጨመረ። ያኔ ነው «ይውረድ» ያሉት።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት በዚህ መካከል ያለው ትዕግሥት የሙያው ትልቁ ክፍል ስለሆነ ነው። ቡሎን መፍታት ረዳቱም ይችላል።

ቀጣዩ ነገር መታጠብ ነበር። ሞተሩ በሙሉ፣ በተለይ ፖምፓው ዙሪያ፣ በናፍጣና በብሩሽ ታሽቶ፣ በአየር ተነፍቶ ደረቀ። ረዳቶቹ ቶሎ ለመጨረስ ሲሞክሩ ጋሼ ተቆጡ። ምክንያት አላቸው። በፕለንጀሩና በማቀፊያው መካከል ያለው ክፍተት የሚሊሜትር ሺህኛ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ያህል ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት የዚህን ከሃያ እጥፍ በላይ ይሆናል። ለዚህ ነው ማሸጊያ ጎሚኒ የሌለው። ብረትና ብረት እርስ በርሳቸው ተሞርደው ስለተገጣጠሙ ብቻ ነው ግፊቱን የሚይዙት። ለዚህም ነው የአንዱን ፕለንጀር ከሌላው ማቀፊያ ጋር ማዛመድ የማይቻለው፤ አብረው ተሠርተው አብረው ያረጃሉ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እዚያ ውስጥ ከገባች ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። የቃሊቲ አቧራ ደግሞ የታወቀ ነው። በሩ ተዘጋ፣ መሬቱ ውሃ ተረጨ።

ፖምፓውን እየጠረጉ ሳሉ «ዲዝል ኪኪ» የምትል ጽሑፍ ብቅ አለች። የጃፓን ኩባንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1939 ተቋቁሞ በጀርመኑ ቦሽ ፈቃድ ፖምፓ ይሠራ የነበረ፣ በኋላ ዜክሰል የተባለ። ቦሽ ራሱ ይህን ፖምፓ መንደፍ የጀመረው በ1922 ነው፤ በብዛት ማምረት የቻለው በ1927። ከዚያ በፊት የነበሩት አብዛኞቹ የናፍጣ ሞተሮች ነዳጁን በታመቀ አየር ነበር የሚነፉት። ለዚያ የሚያስፈልገው የአየር መጭመቂያ ትልቅና ከባድ ስለነበር ለመርከብና ለፋብሪካ እንጂ ለመንገድ አልሆነም። የናፍጣ መኪና በመንገድ ላይ እንዲበዛ ያደረገው ይህ በሁለት እጅ የሚታቀፍ ብረት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ወደ ምልክቱ። ፖምፓ የሚሠራው ሥራ ሁለት ነው። ስንት ናፍጣ፣ መቼ። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር ፖምፓው የሚዞረው ግማሹን፣ 1,000 ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ፕለንጀር በሰከንድ ከ16 ጊዜ በላይ ይረጫል ማለት ነው። በሙሉ ጉልበት እንኳ አንዱ ርጭት ጥቂት ጠብታ ቢሆን ነው። ሞተሩ አንድ ዲግሪ የሚዞርባት ጊዜ በዚያ ፍጥነት የሰከንድ 12,000ኛ እጅ ናት። ይህችን ታህል ጊዜ በእጅ ተፈትቶ በእጅ የሚገጠም ብረት ላይ መልሶ ማግኘት አለብህ።

ስለዚህ ማንም ምንም ከመፍታቱ በፊት ሞተሩ በእጅ ዞሮ የአንደኛው ሲሊንደር ፒስተን ጫፍ ላይ፣ ጭመቃ ላይ እንዲቆም ተደረገ። እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው። ፒስተኑ ጫፍ የሚደርሰው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ በጭመቃ፣ አንዴ ጭስ ሲያስወጣ። ፑሊው (ቀበቶ የሚያዞረው መዘውር) ላይ ያለው ምልክት ለሁለቱም አንድ ነው። ጋሼ የቫልቭ ሽፋኑን አስከፍተው የአንደኛውን ሲሊንደር ሁለቱንም ቫልቮች በጣታቸው አንቀሳቀሱ። ሁለቱም ልል ከሆኑ ጭመቃ ነው። ከዚያ ፖምፓው ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ፣ ግማሹ ፖምፓው ላይ ግማሹ ሞተሩ ላይ እንዲያርፍ፣ በስለት ቀጭን መስመር አሰመሩ። በቀለም ብቻ አላመኑም። ቀለም በናፍጣ ይለቃል።

ማውረዱ ራሱ ብዙ የሚወራለት አይደለም። ባትሪው ተነቀለ። ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄዱት አራቱ የብረት ቱቦዎች ወጡ። ሲፈቱ በሁለት መፍቻ ነው፤ አንዱ ማሰሪያውን ዳዶ ይፈታል፣ ሌላው ከሥር ያለውን ይይዛል። አለበለዚያ ፖምፓው ራስ ላይ ያለው ቫልቭ አብሮ ይዞራል። ቱቦዎቹ በየቁጥራቸው ታሰሩ፣ አፋቸው ሁሉ ተደፈነ። የነዳጅ መስጫው ገመድ፣ የማጥፊያው ገመድ፣ የዘይት ቱቦው፣ የመመለሻው። በመጨረሻ ቡሎኖቹ። ፖምፓው እንደሚመስለው ቀላል አይደለም፤ አንድ ሰው ከታች ሳይደግፍ የመጨረሻው ቡሎን አይፈታም።

ፖምፓው ወደ ባለሙያው ሄደ። እዚያ የሚሠራው ሌላ ሙያ ነው። ፕለንጀሮቹ ተቀየሩ፤ ፖምፓው በሞተር የሚዞር መለኪያ ላይ ታስሮ እያንዳንዱ ፕለንጀር የሚሰጠው ናፍጣ በተመተረ የመስታወት ቱቦ ተለካ። አራቱም እኩል እስኪሰጡ ድረስ ይስተካከላሉ። ወንድሜ በዚህ መካከል መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ወርዶ ፊልትሮና የመዳብ ሮንዴላዎች ገዝቶ መጣ። ሮንዴላ ርካሽ ነው ብሎ አሮጌውን መልሶ መግጠም አያዋጣም። አየር የሚገባው በእሱ ነው።

መልሶ መግጠሙ ላይ ግን እኔም ቆሜ ማየት ፈለግሁ። ጋሼ መጀመሪያ ሞተሩ ካቆሙበት እንዳልተነቃነቀ አዩ። የፖምፓው ጥርስ ከሞተሩ ጥርስ ጋር የሚገናኝበት ምልክት አለው። ጥርሶቹ ጋደል ብለው ስለተቆረጡ ፖምፓው ወደ ውስጥ ሲገፋ ዘንጉ ጥቂት ይዞራል። ምልክቱን ልክ አጋጥሞ የገፋ ሰው ገብቶ ሲያየው አንድ ጥርስ ስቶ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ያንን አስቀድሞ አስቦ ትንሽ አዙሮ ነው የሚገባው። ጋሼ አስገቡት፣ አዩት፣ መልሰው አወጡት፣ እንደገና አስገቡት። ማንም አላጣደፋቸውም።

በስለት የተሰመረው መስመር ገጠመ። ብዙ ቦታ ሥራው እዚህ ያበቃል። እሳቸው ግን ጠብታ አሉ።

ይህን ነገር ያላየ ሰው ቢያየው እወዳለሁ። ከአንደኛው ፕለንጀር ራስ ላይ ውስጠኛው ቫልቭና ስፕሪንጉ ወጥተው ማቀፊያው ብቻ ይመለሳል። እዚያ ላይ የታጠፈ ቀጭን ቱቦ ይታሰራል። የነዳጅ መስጫው ሙሉ ለሙሉ ይከፈታል፤ ትንሿ ፖምፓ በእጅ ትመታለች። ናፍጣ በቱቦው ጫፍ ይወርዳል። አሁን ሞተሩ በመፍቻ፣ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ቀስ እያለ ይዞራል። ፕለንጀሩ ወደ ላይ ሲወጣ የናፍጣውን መግቢያ ቀዳዳ ይዘጋል። ያኔ የሚፈሰው ናፍጣ ይቀጥናል፣ ወደ ጠብታ ይለወጣል፣ ጠብታውም ይቆማል። የቆመበት ቅጽበት መርጨት የሚጀመርበት ነው። ያኔ ፑሊው ላይ ያለው ዲግሪ ይነበባል፤ አምራቹ ለዚያ ሞተር ካስቀመጠው ጋር ይነጻጸራል።

ጠብታው ሲቆም ጋሼ እጃቸውን አነሱ፤ ረዳቱም መፍቻውን ያዘ። ዲግሪው ዘግይቶ ነበር። መስመሩ ገጥሞ ዲግሪው እንዴት ይዘገያል? አሮጌው መስመር የሚነግረው ፖምፓው ሲወርድ የት እንደነበር ነው፤ የት መሆን እንዳለበት አይነግርም። የፖምፓው ውስጥ ተሠርቷል፣ ፕለንጀሮቹ አዲስ ናቸው። ምናልባትም ከዓመታት በፊት የገጠመው ሰው አዘግይቶት ይሆናል፤ ይህ ከሆነ ነጭ ጭሱንና የጉልበቱን መድከምም ያብራራል። ሲዘገይ ናፍጣው ፒስተኑ መውረድ ከጀመረ በኋላ ይነዳል፤ ከጉልበቱ ከፊሉ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ሲቀድም ደግሞ ሞተሩ በመዶሻ እንደሚመታ ብረት ይንኳኳል፣ ፒስተንና ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ይጎዳል።

የቡሎኖቹ ቀዳዳ ረዘም ያለ ስለሆነ ፖምፓው ጥቂት ይዞራል። የፖምፓው አካል ዘንጉ ከሚዞርበት በተቃራኒ ከተገፋ ርጭቱ ይቀድማል፤ ከዘንጉ ጋር አብሮ ከሄደ ይዘገያል። ገፉት። ሞተሩን በብዙ ወደ ኋላ መልሰው እንደገና ወደ ፊት አመጡት። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በጥርሶቹ መካከል ልልነት አለ፤ ከኋላ እየመጡ ካልለኩ ልልነቱ ራሱ ይዋሻል። እንደገና ጠብታ። እንደገና ትንሽ ግፊት። ዲግሪው ሲገጥም ቡሎኖቹ ጠበቁ፤ ከጠበቁ በኋላም አንዴ ተለካ።

ቫልቩ ከተመለሰና ቱቦዎቹ ከታሰሩ በኋላ አየር የማስወጣት ሥራ ነበር። የፖምፓው አየር ማውጫ ላላ፤ አረፋ የሌለበት ናፍጣ እስኪወርድ በእጅ ተመታ። ከዚያ የኢንጀክተሮቹ ዳዶዎች ላልተው ሞተሩ በማስነሻው ሞተሪኖ ዞረ። ናፍጣ ብልጭ ሲል ተራ በተራ ጠበቁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ለወጣት መካኒኮች አጥብቄ እላለሁ። ከሚረጭ ኢንጀክተር ፊት እጅ አይቀመጥም። ያ ግፊት ቆዳ ይበሳል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ስለሚመስል ይናቃል፤ ናፍጣው ግን ከሥር ሥጋውን ይገድላል። የደረሰበት ሰው ባይታመምም ወዲያው ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ጋሼ አንድ ረዳት ጣውላ አስይዘው የአየር መሳቢያው አፍ ዘንድ አቆሙት። የፖምፓው ውስጠኛ ዘንግ ሙሉ ነዳጅ ላይ ተነክሶ ከቀረ የናፍጣ ሞተር ያለ ገደብ ይፈጥናል። ቁልፍ በማጥፋት አይቆምም። አየሩን መዝጋት ነው መፍትሔው። ጣውላው አላስፈለገም። ሞተሩ ተነሳ፣ ጥቂት ነጭ ጭስ አወጣ፣ ጠራ።

ወንድሜ ደስ ብሎት ቀረብ አለ። «ጋሼ፣ እግረ መንገድዎን ትንሽ ይክፈቱልኝ። ጣርማበር ላይ እንዲያግዘኝ።»

ብዙ ባለንብረት ይህን ይጠይቃል፤ ብዙ መካኒክም ይከፍታል። የፖምፓው ጀርባ ላይ ከፍተኛውን ናፍጣ የሚወስን ብሎን አለ፤ በሽቦና በእርሳስ የሚታሸገው ለዚህ ነው። ጋሼ መፍቻውን አስቀምጠው አስረዱት። «ልጄ፣ ጣርማበር የሚያንስህ ናፍጣ አይደለም፤ አየር ነው።» እውነት ነው። የጣርማበር ዋሻ ያለው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። ይህ ሞተር ደግሞ አየር አጭቆ የሚያስገባ ተርቦ የለውም። አየሩ ሳይጨምር ናፍጣ ቢጨመር ትርፉ ጥቁር ጭስ ነው። ከዚያ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነው ሸዋ ሮቢት ወርዶ አየሩ ሲወፍር ያ ትርፍ ናፍጣ በሙሉ ይነዳል፤ ሞተሩ ከተሠራለት በላይ ይግላል፣ ፒስተን ይቀልጣል። ዳገት ለመርዳት የተከፈተ ፖምፓ ሜዳ ላይ ሞተር ይገድላል።

ወንድሜ ዝም ብሎ ሰማ። «እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ» አለ።

ይህ እምቢታ ገንዘብ ያስቀራል፤ አንዳንዱ ደንበኛ ተቆጥቶ ወደ ሌላ ጋራዥ ይሄዳል። እንዲህ ዓይነት መካኒክ ያገኘ ሰው ዋጋ ባይከራከር ደግ ነው። አዳዲሶቹ መኪናዎች ኮመን ሬል የሚባል የናፍጣ መርጫ ይዘው እየመጡ ነው፤ ርጭቱን የሚወስነው ኮምፒውተር ነው። ነገር ግን አሮጌዎቹ አይሱዙዎችና በዩሮ 2 ሞተር የገቡት ሲኖትራኮች አሁንም ይህንኑ የረድፍ ፖምፓ ተሸክመው እህላችንን፣ ሲሚንቷችንን ያመላልሳሉ። ጠብታ ማንበብ የሚችል ሰው ገና ለረጅም ዘመን ያስፈልገናል። ወጣቶቹ ከእነዚህ ሰዎች አጠገብ ቆመው ቢማሩ እመኛለሁ።

ናፍጣ የገባበት ዘይት ተደፋ፣ ፊልትሮው ተቀየረ። ጋሼ ለወንድሜ የሰጡት ትእዛዝ አጭር ነበር። ናፍጣ ከበርሜል እንዳይቀዳ። ኬሮሲን የተቀላቀለ ናፍጣ እንዳይገዛ፤ ፕለንጀሩን የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ ነው፣ ኬሮሲን ደግሞ ያደርቀዋል። ከፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመው ውሃ ቶሎ ቶሎ እንዲወጣ። ከመጀመሪያው ጭነት በኋላ ቱቦዎቹ እንዲታዩ። በየማደሪያው ዘይቱ እንዲለካ፣ እንዲሸተትም።

ከዚያ አሮጌውን በስለት የተሰመረ መስመር በመሮ አጠፉት። በምትኩ አዲስ መስመር አሰመሩ። የቫልቭ ሽፋኑ ላይም የለኩትን ዲግሪና ቀኑን በነጭ ቀለም ጻፉ፤ ሌላ መካኒክ አንድ ቀን ሲከፍተው ከየት እንደሚነሳ እንዲያውቅ።